«ስብ ያቀልጣል» የተባለው ቅጠል ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን አንድ ካርቶን ሻይ ይዘው ቤት መጡ። ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸው ነው። «እስቲ ልጄ፣ ጽሑፉን አንብቢልኝ። የሆድ ስብ ያቀልጣል ብላኛለች። እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። «እትዬ፣ አንድ ቀን ይስጡኝና በደንብ አይቼ ልንገርዎት» አልኳቸው።

በማግስቱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ቦርጭ ማጥፊያ»፣ «ስብ አቃጣይ»፣ «ዲቶክስ» የሚል ማስታወቂያ ሳያዩ መዋል ከባድ ሆኗል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። «ስብ ማቅለጥ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድስት ላይ የተጣደ ቅቤ ነው። ቅቤው ደርቆ ይገባል፣ እሳቱ ሲያገኘው ይቀልጣል። ሆዳችን ላይ ያለው ስብ ግን ድሮውንም የቀለጠ ነው። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት በስብ ሴሎቻችን ውስጥ የተጠራቀመው ነገር ፈሳሽ ዘይት ነው። ትኩስ ውሃም ሆነ ሎሚ የሚያቀልጠው የረጋ ነገር የለም። የሚያስፈልገው ዘይቱ ከተቀመጠበት ወጥቶ መቃጠሉ ነው።

ለዚህ ደግሞ ሰውነታችን ረጅም መንገድ አለው። መንገዱ ላይ በሮች አሉ። አንዳንድ ዕፅ አንዱን በር በእርግጥ ይነካል። አብዛኛው ግን በሮቹ አጠገብም አይደርስም። አንድ ሰው «ይሄ ቅጠል ስብ ያጠፋል» ሲላችሁ «የትኛው በር ላይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ነገር ይጠራል።

የበላነው ቅባት የት ይሄዳል?

ቅቤ ይሁን ዘይት፣ ምግባችን ላይ ያለው ቅባት በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ የሚባል ነገር ነው። ሦስት ረጃጅም ክሮች አንድ እጀታ ላይ ተንጠልጥለው አስቡት። ክሮቹ ፋቲ አሲድ ይባላሉ። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይይዛል። አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን የሚይዘው 4 ብቻ ነው። ሰውነት ትርፍ ጉልበቱን በስብ መልክ ማስቀመጥ የሚመርጠው ለዚህ ነው። በትንሽ ቦታ ብዙ ስንቅ ይይዝለታል።

የመጀመሪያው በር ትንሹ አንጀት ነው። እዚህ አንድ ችግር አለ። ቅባትና ውሃ አይዋደዱም። የዶሮ ወጥ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለማጠብ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ቅባቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ድስቱ ላይ ይለጠፋል፣ አይለቅም። ሳሙና ሲጨመርበት ግን በጣም ጥቃቅን ወደሆኑ ጠብታዎች ይበታተናል። የሰውነታችን ሳሙና ሐሞት ነው። ጉበት ያመርተዋል፣ የሐሞት ከረጢት ያጠራቅመዋል፣ ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ወደ አንጀት ይፈሳል።

ቅባቱ ሲበታተን ከቆሽት የሚመጣ ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም ይደርስበታል። ኢንዛይም ማለት አንድን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሊፔዝን እንደ መቀስ ውሰዱት። ክሮቹን ከእጀታው እየቆረጠ ያላቅቃቸዋል። ያን ጊዜ ነው በአንጀት ግድግዳ በኩል ማለፍ የሚችሉት።

ከግድግዳው ወዲያ ሲያልፉ የሚሆነው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ያን ያህል ተለፍቶበት የተቆራረጠው ቅባት እንደገና ይገጣጠማል። ከዚያ በፕሮቲን ተጠቅልሎ እንደ ጭነት ይታሸጋል። ስኳር ከአንጀት ወጥቶ በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ይህ ጭነት ግን ሊምፍ በሚባለው ሌላ የፈሳሽ መስመር ዞሮ፣ በግራ አንገት ሥር አካባቢ ደም ውስጥ ይገባል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላን ከጥቂት ሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ፈሳሹ ወተት መስሎ ሊታይ ይችላል። ላብራቶሪ «ሳትበሉ ኑ» የሚለን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የምሳችን ቅባት ገና በጉዞ ላይ ከሆነ የትራይግሊሰራይዱ ቁጥር ይዛባል።

ታዲያ ቦርጭ የሚሆነው መቼ ነው?

ጭነቱ በደም ሲዞር ጡንቻና የስብ ሴሎች ከፊሉን ያወርዱታል። ማን ምን ያህል እንደሚወስድ በዋናነት የሚወስነው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ነው። ስንበላ ኢንሱሊን ከፍ ይላል፤ መልእክቱም «አስቀምጡ» ነው። የስብ ሴሎች በራቸውን ለገቢ ይከፍታሉ፣ ለወጪ ይዘጋሉ። ሳንበላ ስንቆይ ወይም ስንንቀሳቀስ ኢንሱሊን ይወርዳል፣ እንደ አድሬናሊን ያሉት ይነሣሉ። ያኔ የስብ ሴሉ ትራይግሊሰራይዱን ቆርጦ ፋቲ አሲዱን ወደ ደም ይለቃል።

ቦርጭ ለማውጣት ግን ቅባት መብላት ግድ አይደለም። ጉበት ትርፍ ስኳርንና ስታርችን ወደ ስብ መቀየር ይችላል። አልኮልም የጉበትን ስብ ይጨምራል። በጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ ትተን፣ ፓስታው፣ ስኳር የበዛበት ሻዩና በዘይት የተጠበሰው ሲበዛ ክብደት የሚጨምርብን ለዚህ ነው። የዘይት አንድ ግራም እንደ ቅቤው ያው 9 ኪሎ ካሎሪ ነው።

ስብ ሲቃጠል በየት በኩል ይወጣል?

ብዙ ሰው በላብ ወይም በሰገራ ይመስለዋል። የተለቀቀው ፋቲ አሲድ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ልብና ወደ ጉበት ይሄዳል። ሴል ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። እነሱ ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ጋር ይቃጠላል። የሚቀረው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን በቁጥር አስልተው አሳትመው ነበር። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። ስብ ከሰውነታችን በዋናነት የሚወጣው በሳንባችን በኩል ነው ማለት ነው። ይህ ማለት ግን ተቀምጦ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያከሳል ማለት አይደለም። ምድጃው የሚያቃጥለው ሰውነት ጉልበት ሲፈልግ ብቻ ነው።

ይህን ከያዝን ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወደ በሮቹ እንውሰዳቸው።

የማክሰሻ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር ክብደቴ ይቀንሳል፤ ምን እየወጣ ነው?

የጎረቤታችን ካርቶን ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ሰና ነበር። አንዳንዱ ሰናመኪ ይለዋል። ብዙዎቹ የማክሰሻ ሻዮች ውስጥ አለ። ሰና ጥሩ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ግን የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የበሮቹን ቅደም ተከተል አስታውሱ። ቅባት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው። ምግቡ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ቅባቱ አብዛኛው ገብቶ አልቋል። ሰና ትልቁን አንጀት አነቃንቆ የሚያስወጣው ውሃና ሰገራ ነው። በማግስቱ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ቀንሶ ሊታይ ይችላል። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ስንጠጣ ይመለሳል። የስብ ሴሎቹ ምንም የሰሙት ነገር የለም።

ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ ከውሃው ጋር ፖታስየም የሚባለው ጨው አብሮ ይጠፋል። ፖታስየም በጣም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ደግሞ ፈሳሽ የሚያስወጣ የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። እሱም ፖታስየም የሚቀንስ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይሄ ነበር።

ቅባቱን ከመግባቱ በፊት ማገድ አይቻልም?

ይቻላል። ኦርሊስታት የሚባል በሐኪም የታወቀ መድኃኒት አለ። ሊፔዝን፣ ያንን መቀስ፣ ይይዘዋል። ከበላነው ቅባት 30 በመቶ ገደማው ሳይቆረጥ ያልፋል። ያልተቆረጠው ቅባት የግድ መውጣት ስላለበት ሰገራ ዘይት ይሆናል፣ አንዳንዴም መቆጣጠር ያቅታል። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቪታሚኖችም ከቅባት ጋር አብረው ስለሚጓዙ አብረው ይጠፋሉ።

ይህን የማነሣው ለማነጻጸር ነው። በሩን በትክክል የሚያግድ፣ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተሞከረ መድኃኒት እንኳ በአመጋገብ ለውጥ ላይ ተጨምሮ በዓመት የሚያመጣው ተጨማሪ ቅናሽ በአማካይ 3 ኪሎ አካባቢ ነው። «በአንድ ሳምንት 7 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስቡ።

አረንጓዴ ሻይና በርበሬ «ያቃጥላሉ» የሚባለውስ?

እዚህ ጋ ትንሽ እውነት አለ። አረንጓዴ ሻይ ካፌይንና ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። የምድጃውን እሳት በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንም እንዲሁ። ሚጥሚጣ በልተን የሚያልበን ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጭማሪው በጣም ትንሽ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ አረንጓዴ ሻይን የፈተሹ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። የተገኘው የክብደት ቅናሽ ለጤና ትርጉም ያለው መጠን አልነበረም።

በሲኒ የሚጠጣው ሻይ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ነገሩ የሚቀየረው ሻዩ ተጨምቆ ኪኒን ሲሆን ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የተባለውን ዋና ካቴኪን በሱፕልመንት (ከምግብ ላይ ተጨምሮ የሚወሰድ ኪኒን ወይም ዱቄት) መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ከሆኑ የደም ለውጦች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ቅጠሉ አንድ ነው። መጠኑ ነው የተለየው።

ከዚህ በር አጥብቆ የገፋ አንድ ዕፅ ነበር፤ ኤፌድራ ይባላል። ቻይናውያን ማሁዋንግ ይሉታል። እንደ አድሬናሊን ሆኖ የስብ ሴሉን «ልቀቅ» ይለዋል። በእርግጥም ጥቂት ያከሳል። ነገር ግን አድሬናሊን የሚያዘው የስብ ሴልን ብቻ አይደለም፤ ልብንና የደም ሥርንም ያዛል። የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የአእምሮ ደም መፍሰስ ሪፖርቶች ከተደራረቡ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የኤፌድራን ዋና ንጥረ ነገር፣ ኤፌድሪንን፣ የያዙ ሱፕልመንቶችን ከገበያ አገደ።

ጋርሲንያ የሚባለው ኪኒንስ?

ጋርሲንያ በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ታሪኩ ላብራቶሪ ውስጥ ያማረ ነው። ጉበት ስኳርን ወደ ስብ ሲቀይር የሚጠቀምበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። በሩ ትክክለኛ ነው። ስለዚህ በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች 135 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንት ሞከሩት። ግማሹ ጋርሲንያ፣ ግማሹ ምንም የሌለበት ኪኒን ወሰደ። ማን የቱን እንደወሰደ አያውቅም። ሲጠናቀቅ በሁለቱ መሃል ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ምሳሌ የምወደው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። «እንዴት እንደሚሠራ በሳይንስ ተረጋግጧል» እና «ሰው ላይ ሠርቷል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በብርጭቆ ውስጥ ኢንዛይም ማገድ አንድ ነገር ነው። ሰው ሲውጠው አንጀት ምን ያህል ያስገባዋል? ጉበት ምን ያህሉን ያስቀራል? አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሰውነት በሌላ መንገድ ይዞራል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ብቻ ነው። ሽፈራውም ላይ ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ጥሩ ምግብ ነው። ስለ ስብና ኮሌስትሮል የሚነገርለት ግን በአብዛኛው ከእንስሳት ሙከራ የመጣ ነው።

ስብና ኮሌስትሮል አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህ ግራ መጋባት ብዙ ሰው ዘንድ አለ። ስብ ነዳጅ ነው፣ ይቃጠላል። ኮሌስትሮል አይቃጠልም። የሴል ግድግዳ፣ ሆርሞንና ሐሞት የሚሠራበት የግንባታ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጉበታችን ራሱ ያመርተዋል። በደም ውስጥ በጭነት መልክ ይዞራል። ኤልዲኤል የሚባለው ጭነት ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል። የዘይት ጠርሙስ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ የሚነግረን ብዙ ነገር የለም፤ የትኛውም የአትክልት ዘይት ላይ ያው ነው። ይልቁንም የሚረጋውን የፓልም ዘይት አስተውሉ። ከፋቲ አሲዱ ግማሽ ገደማው ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት በዚህ በኩል በጣም ይሻላል።

አሁን የምወደው በር ጋ ደርሰናል።

ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው ብያለሁ። ሰውነታችን ደግሞ ቆጣቢ ነው። ሐሞቱ ቅባት ካጠበ በኋላ 95 በመቶ ገደማው ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመልሶ ይመጠጥና ለሚቀጥለው ምግብ ይቀመጣል። ያው ሳሙና ደጋግሞ ይሠራል። አሁን እዚያ አንጀት ውስጥ ሙጫ የመሰለ አሰር (ፋይበር፣ ማለትም ሰውነታችን የማይፈጨው የእህል ክፍል) ቢገባስ? ሐሞቱን ይይዘዋል፣ ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል። ጉበት ሳሙና ያጥረዋል። አዲስ ለመሥራት ከደም ውስጥ ኤልዲኤል መሳብ ይጀምራል። የደም ኮሌስትሮል ይወርዳል።

ይህን የሚያደርገው አሰር የት ይገኛል? ገብስና አጃ ውስጥ። ቤታ ግሉካን ይባላል። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት ሲሠራ የሚያወፍረው እሱ ነው። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ ማስረጃው ጠንካራ ስለሆነ አሜሪካም አውሮፓም የምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ተልባ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያንሸራትተው ነገርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ተልባን ቆልተንና ፈጭተን መጠጣታችንም ልክ ነው፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ ቅርፊቱ እንዳለ ሊወጣ ይችላል። አብሽ ውስጥ ያለው የሚያሙለጨልጭ አሰርም የዚህ ቤተሰብ ነው።

ቅናሹ ተአምር አይደለም፤ ከኤልዲኤል ከመቶ አምስትና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ግን እውነት ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው። በካርቶን ታሽጎ ከሚመጣው ይልቅ እናታችን የምታቀርብልን የበሶ ጥብጥና የገብስ ገንፎ የተሻለ ማስረጃ አለው። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል። (ገንፎው መሃል የሚገባው ቅቤ መጠን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።)

ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርትም በአንዳንድ ጥናቶች ኮሌስትሮልን በመጠኑ ዝቅ ሲያደርጉ ታይተዋል። ለወጥ ጥሩ ናቸው። የሐኪም መድኃኒት ምትክ ግን አይሆኑም።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም» ይባላል። ልክ ነው?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቻይናውያን ሩዝን በቀይ ሻጋታ የማብላላት የቆየ ልማድ አላቸው። ቀይ የእርሾ ሩዝ ይባላል። ከሱ የሚሠራው ኪኒን ኮሌስትሮልን በትክክል ይቀንሳል። ለምን? ውስጡ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ነገር ስላለ ነው። ሞናኮሊን ኬ ደግሞ ሎቫስታቲን ከተባለው መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው። ሎቫስታቲን በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የሐኪም መድኃኒት ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኢንዛይም ያግዳል።

ስለዚህ «ተፈጥሯዊውን» የወሰደ ሰው መድኃኒት እየወሰደ ነው። የጡንቻ ሕመሙም፣ የጉበት ጣጣውም፣ በእርግዝና አለመወሰዱም አብሮ ይመጣል። ልዩነቱ ፋርማሲ የሚሸጠው ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ መታወቁ ነው። የሱፕልመንቱ መጠን ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. የቀን መጠኑ ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ደነገገ።

እኛ አገር ይህን ትምህርት ከጥንት እናውቀዋለን። ኮሶ ተፈጥሯዊ ነው። የትል መድኃኒት ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን እንደሚጎዳ፣ ነፍሰ ጡር እንደማትጠጣው እናቶቻችን ያውቁ ነበር። አንድ ዕፅ ኃይል ካለው የሚጎዳበትም መጠን አለው። ምንም የማይጎዳ ከሆነም ምናልባት ምንም የማይሠራ ነው።

ለምን ጉበት ነው ቶሎ የሚጎዳው?

ከአንጀት የተመጠጠ ነገር አብዛኛው መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። ባዕድ ኬሚካል ሲመጣ የሚፈታው፣ የሚቀይረው፣ የሚያስወግደው እሱ ነው። አንዳንዴ በመፍታት ላይ እያለ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ይፈጠራል። አንድ ኩባያ የቅጠል ሻይ ለጉበት አንድ ሸክም ነው። ሃያ ቅጠል ተጨምቆ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ሌላ ነው።

እርድን ውሰዱ። አልጫ ላይ ለዘመናት በልተነዋል። አሁን ግን ተጨምቆ፣ በብዛት እንዲመጠጥ ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር ተደርጎ በኪኒን ይሸጣል። በዚህ መልክ የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ታይቷል። ጣሊያንና አውስትራሊያ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል የሐኪሞች መረብ አለ። ከመዘገባቸው ጉዳቶች 20 በመቶ ያህሉ ከዕፅና ከሱፕልመንት ጋር የተያያዙ ነበሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃይድሮክሲከት የተባለው ታዋቂ የማክሰሻ ምርት ከ23 ከባድ የጤና ሪፖርቶች በኋላ ከገበያ ተሰበሰበ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ሰው ሞቷል።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» ማለት የተፈተሸ ነው ማለት ነው?

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ እሰማዋለሁ። በፍቅር የተላከ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣ ነገር ስለሆነ መጠራጠር ይከብዳል። ግን አሜሪካ ውስጥ ሱፕልመንት የሚተዳደረው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሱፕልመንት ከመሸጡ በፊት ኤፍዲኤ መሥራቱንም ሆነ አለመጉዳቱን አይቶ አያጸድቅም። ለመድኃኒት የሚጠየቀው ማስረጃ አይጠየቅበትም። ባለሥልጣኑ የሚንቀሳቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግር ከታየ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። «መቶ በመቶ ዕፅ» የተባለ ምርት ውስጥ ያልተጻፈ መድኃኒት ይገኛል። በተደጋጋሚ የሚገኘው ሲቡትራሚን ነው። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚጨምር በትልቅ ጥናት ስለታየ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዛሬም በማክሰሻ ቡናና ኪኒኖች ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። አንድ ዕፅ ነው የተባለ ነገር ከመጀመሪያው ቀን የምግብ ፍላጎት ድርግም አድርጎ ከዘጋ፣ አፍ ካደረቀ፣ ልብ ካስመታና እንቅልፍ ከነሣ፣ ቅጠል ብቻ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ኪኒኑን ጀምሬያለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ አስቡ። አብሽ በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳር ያወርዳል። ከኢንሱሊን ወይም ከስኳር ኪኒን ጋር ሲደመር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወድቅ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በኪኒን መልክ ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ የመድማት ስጋት ያመጣሉ። ቀይ የእርሾ ሩዝ ከስታቲን (ሎቫስታቲንን ከመሰሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች) ጋር ማለት አንድ መድኃኒት በእጥፍ መውሰድ ነው። አሰሩም ቢሆን፣ ተልባና አብሽ፣ ከመድኃኒት ጋር እኩል ሲዋጥ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ማራራቅ ይበቃል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የትኛውንም የማክሰሻ ምርት ሐኪም ሳይጠይቅ ባይጀምር ነው የምለው።

ለሐኪም ሲናገሩ ብዙ ሰዎች ዕፁን ይደብቃሉ፤ ይቆጡኛል ብለው። ወይም መድኃኒት አይመስላቸውም። «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ሲባል «የለም» ይላሉ። እባካችሁ ተናገሩ። ፓኬቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን ከማስታወስ ይሻላል።

ሽንታችሁ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ የዓይናችሁ ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ማለትም ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ምልክት ከታየ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የማያባራ ድካም ከመጣ ምርቱን ያኔውኑ አቁሙ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና የጉበት ምርመራ ይደረግላችሁ። «ዲቶክስ ሲሠራ እንዲህ ያደርጋል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ።

እትዬ ሻዩን ትተውታል። የፖታስየም ምርመራም አድርገው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ሐኪማቸው አስተካከለላቸው። ልጃቸው ስትደውል «ምን ልላክልሽ?» አለቻቸው። ጥሩ የመራመጃ ጫማ አሏት።